የታጠበው ፊልትሮ

የትም ጋራዥ ሂዱ፣ አንድ አይጠፋም፦ ሞተር አስነስታችሁ ድምፁን ልታሰሙት ስትሉ በእጁ ዝም አሰኝቶ፣ የተፈታውን የዘይት ፊልትሮ አምጡ የሚል። የጅማው የጊንጆ ሰፈር ክቡር ሊቀ ፊልትሮ ጋሽ አብሳሎም ናቸው።

ክቡርነታቸው ቆርቆሮውን በመጋዝ ይከፍቱና ውስጡ የታጠፈውን ወረቀት ፀሐይ ላይ ይዘረጋሉ። በጣታቸው ያሻሹታል፣ ከሞተሩ የተፋቀ ብናኝ ካለበት ብለው ማግኔት ያስጠጉበታል። «ሹፌር ይዋሻል፤ ፊልትሮ አይዋሽም» ይላሉ።

ከአጋሮ ጅማ ቡና የሚያመላልሰው ቲጃኒ አራት ዓመት ሙሉ ደንበኛቸው ሆኖ አንድም ነገር አልገባውም። አንዴ «ብናኙን ማግኔት ሳበው፤ ትንሽ ነው፣ አይዞህ» ይሉታል። ሌላ ጊዜ «ማግኔት አልሳበውም፤ ወዮልህ!»

«ጋሽዬ፣ ሲሳብ ነው ጥሩው ሳይሳብ?»

«እንደ ብናኙ ነው። ብሮንዚን ሲበላ ያብረቀርቃል እንጂ አይሳብም።»

ቲጃኒ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ምን እንደነቀነቀ እሱም አያውቅ።

ዘንድሮ የቡናው ወቅት ሊገባ ሲል ጋሽ አብሳሎም ፊልትሮው ወረቀት ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አዩ። «የሚቀጥለውን ፊልትሮ አምጣልኝ፤ ከባሰበት ሞተሩ ይከፈታል» አሉ። ያ ረቢ! ሞተር ተከፈተ ማለት ግማሹ ወቅት አለፈ ማለት ነው፤ ያቺ መኪና ደግሞ የቤቱ እንጀራ ናት። ድምፅዋ እንደሆነ ማር ነው፤ የዘይት መብራቷም አልበራ።

ዘይት መቀየሪያው ቀን ደርሶ ቲጃኒ ፊልትሮውን ፈታ። ጥቁር፣ የሚንጠባጠብ ነገር ነው። ሚስቱ ሩፈይዳ አይታ ጮኸች፦ «ወላሂ፣ ይሄን ይዘህ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም!» እውነቷን ነው፣ ነውር ነው። ቤንዚን እየሞላ፣ እየናጠ፣ እየደፋ ሦስት ጊዜ አለቀለቀው፤ በንጹህ ነጭ ፎጣ ጠቅልሎም አቀረበ።

ሊቀ ፊልትሮ ከፈቱ፣ ዘረጉ፣ አሸተቱ።

«ምን አድርገኸው ነው?»

«አጠብኩት፣ ጋሽዬ። ለእርስዎ ክብር ብዬ።»

ሽማግሌው ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። «ምስክሬን ገድለህ፣ ገንዘህ አመጣህልኝ?»

«ታዲያ ይከፈት ወይስ ልጫን?»

ጋሽ አብሳሎም ወረቀቱን አገላበጡት፣ አንገታቸውን አከኩ። «አላውቅም» አሉ።

ግራ መጋባት ይሏችኋል ይሄ ነው! ቲጃኒ በአራት ዓመት ውስጥ ይቺን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም። አውቃለሁ ቢሉ ኖሮ ይከራከራቸው፣ «ሽማግሌው አበዙት» ብሎም ይጭን ነበር። አላውቅም ያለን ሰው ምን ብሎ ይከራከረዋል?

«ይከፈት» አለ።

ተከፈተ። የሞተሩን ዘንግ የሚያቅፈው ብሮንዚን ተበልቶ ተበልቶ ወረቀት አክሏል። ሁለት ጉዞ ቢጨምር ሞተሩ አብሮት ይሄድ ነበር። ከወቅቱ ሦስት ሳምንት ጠፋ፣ መኪናዋ ግን ተረፈች።

አሁን ቲጃኒ አሮጌውን ፊልትሮ ከነጥቁረቱ ታቅፎ ባጃጅ ይሳፈራል። «ማሎ፣ እባክህ ወንበሬን!» ይላል ባለባጃጁ። «ፊልትሮ አይጠረግም!» ይላል ቲጃኒ፣ ሸሚዙ ላይ እየተንጠባጠበበት።

ሲሳብ ይሻላል ሳይሳብ፣ እስከ ዛሬ አልገባውም። ጋሽ አብሳሎም አሟቸው ጋራዥ ካልገቡ ግን፣ ቡናው መንገድ ዳር ተከምሮ ቢጠብቀውም፣ መኪናዋን አያስነሳም።