ምን እንደሚበላ ያልታወቀበት አገር

በአዲስ አበባ በየሰፈሩ፣ ከሰፈሩ ርቆ ሳይሄድ ዓለምን የጨረሰ አንድ ሰው አለ። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ሙያዬ መዝገብ መያዝ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት እሱኑ ስለሆነ ግምት አልወድም። የሥራ ባልደረቦቼን አንድ በአንድ ጠይቄአለሁ። የኮልፌው ሰው ዓለምን የሚያውቀው በእግር ኳስ ሜዳዎቿ ነው፤ የካዛንቺሱ በጦርነቶቿ። የእኛ የጉለሌው ግን ከሁሉም ይራቀቃሉ፤ እሳቸው የሚያውቁት ሌላ ሰው የማያውቀውን አገር ብቻ ነው።

ክቡርነታቸው ጋሽ ስብሐት ይባላሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ከብርነሽ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ይሰየማሉ። ቢሮአቸው እሱ ነው። ወደ ሥራ የሚሮጥ ሰው ሁሉ በዚያ ማለፍ አለበት፤ ያለፈ ሁሉ ደግሞ ሳይጠይቅ ይመከራል። አንዷ ዱባይ ልሄድ ነው ካለች፣ ጋሽ ስብሐት እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

«እሱን ተዪው፤ ሰው አውቆታል።»

ፓሪስ? «ድሮ ነበር። አሁን ሰው አውቆታል።» ዛንዚባር? እዚህ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ለቅሶ ደራሽ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ጥሩ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር።»

ባለሱቋ ብርነሽ አንድ ቀን ልትፈትናቸው አሰበች። ዘይት እየቀዳች በመስኮቱ ብቅ አለችና፣

«ጋሼ፣ ሱሉልታስ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

«ሱሉልታ? ተዪው፤ ሰው አውቆታል።»

«ማን ነው ያወቀው? ከዚህ ተራራ ጀርባ ያለች ከተማ እኮ ናት!»

«አንቺ የት ነው የተወለድሽው?»

«ሱሉልታ።»

«ይኸው! አላልኩሽም?»

ታክሲ ነጂው ለታ ሲያገባ ደግሞ ስሕተት ሠራ። ለጫጉላው ሐዋሳ ልሄድ ነው ብሎ በአግዳሚው አጠገብ ተናገረ። ጋሽ ስብሐት እጁን ይዘው አስቀመጡት።

«አንተ ልጅ፣ ትሪስታን ዳ ኩኛ ሂድ። አትላንቲክ ውቅያኖስ መሐል ያለች ደሴት ናት። የሚኖርባት ሰው ሦስት መቶ አይሞላም። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከኬፕ ታውን በመርከብ ሳምንት ቢፈጅብህ ነው።»

«ጋሼ፣ ፈቃዴ እኮ ሰባት ቀን ነው።»

«በቃ ደረስክ!»

«መመለሻውስ?»

«ገና ሳይሄድ መመለሻውን የሚያስብ ሙሽራ! ምስኪን ልጅት።»

ለታ ሐዋሳ ሄዶ ዓሣውን በልቶ፣ ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነሥቶ ተመለሰ። ጋሽ ስብሐት ለአንድ ወር ያህል ባገኙት ቁጥር ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዜር ያጽናህ» ይሉት ነበር።

እኔ ደግሞ ያልተጣራ ነገር ሲነገር ዝም ብሎ ማለፍ ስለማይሆንልኝ፣ የሚሉትን ሁሉ ማስታወሻዬ ላይ እየያዝኩ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አጣራ ነበር። ሶኮትራ በምትባል ደሴት ላይ የተዘረጋ ጃንጥላ የሚመስል፣ ሲቆረጥ ቀይ ሙጫ የሚያፈስ ዛፍ አለ አሉ። አለ። ጆርጂያ ውስጥ ስቫኔቲ በሚባል ተራራማ አገር እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቤቱ አጠገብ የድንጋይ ግንብ ያቆም ነበር አሉ። ግንቦቹ ዛሬም ቆመዋል። ፋሮ በሚባሉት ደሴቶች ከሰው በግ ይበዛል አሉ። ይበዛል። ሰውዬው እንዲሳሳቱልኝ ሁለት ዓመት ጠብቄ አንድም ስሕተት ሳላገኝባቸው ቀረሁ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከሚዋሽ ሰው ይበልጥ ያናድዳል።

ራሳቸው ጋሽ ስብሐት ግን የትም አልሄዱም። የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከቤታቸው በእግር የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፤ በሩን ረግጠውት አያውቁም። «ሰው አውቆታል።» እንጦጦማ ቅዳሜና እሑድ መኪና ማቆሚያ ስለሚጠፋበት ስሙ እንዲነሣባቸውም አይፈልጉም።

እውቀቱ ከየት እንደመጣ ሰፈሩ ያውቃል። ጋሽ ስብሐት ሃያ ስምንት ዓመት የአውሮፕላን ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። በቀን አራት አውሮፕላን፣ በዓመት ሦስት መቶ የሥራ ቀን ብለን ብናሰላው፣ ሠላሳ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ጊዜ አውሮፕላን ላይ ወጥተዋል። የበረሩበት ጊዜ ብዛት ዜሮ ነው። ተሳፋሪ ከወንበሩ ኪስ አውጥቶ አንብቦ የቀደደው መጽሔት ይጣል ነበር፤ ሊጣል የነበረው ሁሉ ወደ ጉለሌ መጣ። ቤታቸው ገብቼ አይቼዋለሁ። ሁለት ትልልቅ ካርቶኖች አሉ፤ በአንዱ ላይ «የታወቁ»፣ በሌላው ላይ «ገና» የሚል ተጽፏል። በቀን ቅደም ተከተል ላስተካክልላቸው ብል እንደተሳደብኩ ቆጠሩት። አንድ አገር ዝነኛ መሆኑን ሲሰሙ መጽሔቱን ከ«ገና» አውጥተው ወደ «የታወቁ» ያዛውሩታል። ያን ዕለት ሰው አያነጋግሩም።

መጽሔቶቹን ሳገላብጥ አንድ ጉድለት አየሁ። የተቀደደው ገጽ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የምግቡ ገጽ።

«ሰው የምግብ አሠራር ሲያይ አይምርም፤ ገንጥሎ ኪሱ ይከተዋል» አሉኝ። «ስለዚህ እዚያ ምን እንደሚበላ አላውቅም። ይህን ለአባትሽ እንዳትነግሪው።»

አባቴ መሸሻ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ የአግዳሚው የግራ ጫፍ የእሱ ሆነ። ጋሽ ስብሐት ስለ መንገዱ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ባሕሩ ቀለም ግማሽ ሰዓት ይተነትናሉ፤ አባቴ እስኪጨርሱ ይሰማል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል።

«እዚያ ምን ይበላል?»

«እሱን ሄደን እናየዋለን።»

«እንዴት ሄደን እናየዋለን? ጾም ላይ ብንደርስስ?»

የሁለቱም ጉዞ የሚቀረው እዚህ ላይ ነበር። ጋሽ ስብሐት ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የድሮ መሥሪያ ቤታቸው በየዓመቱ አንድ ነጻ የደርሶ መልስ ትኬት ይሰጣቸዋል። አባቴ ደግሞ የራሱን ሊቆርጥ ቃል ገብቶ ነበር። ቀን መምረጥ ግን አልተቻለም። ነሐሴ ፍልሰታ ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሁዳዴ ይገባል። ከበዓለ ሃምሳ በኋላ የሰኔ ጾም አለ። ምን እንደሚበላበት ያልታወቀ አገር ድረስ ሄዶ ጾም መግደፍ ለአባቴ የማይታሰብ ነገር ነው። በመካከል ያለውን ቀን ዝናብ፣ ሠርግና የጉልበት ሕመም ይወስደዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ የግድግዳ ካሌንደር ላይ ተከራክረው ንጹሕ ሆኖ ያገኙት ወር አንድ ብቻ ነው፤ ጥቅምት።

ባለፈው ጥቅምት አባቴ ብቻውን ሄደ።

የእድሩ መዝገብ ላይ ያረፈበትን ቀን ጥቅምት አሥራ አምስት ብለው ጻፉት። አሥራ አራት ነው። ጸሐፊው ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። «ልጄ፣ አንድ ቀን ምን ይለውጣል?» አለኝ። እስኪያስተካክለው ድረስ ከፊቱ አልተነሣሁም።

ከአርባው በኋላ ጋሽ ስብሐት ወደ አግዳሚው ተመለሱ። የተቀመጡት ግን በቀኝ ጫፍ ነው፤ ግራው እንዳለ ተተወ። ባለጉዳይ እንኳ ሊቀመጥበት ሲል «ቆይ፣ ወዲህ» እያሉ በራሳቸው በኩል ያስጠጉታል። እኔን ጠዋት ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ «ቁጭ በይ እንጂ» ይሉኛል። እኔ ቆሜ ነው የምሰማው። ስለ ቺሎዌ ደሴት የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ይነግሩኛል። ሲጨርሱ የአባቴን ጥያቄ ይጠብቃሉ። እኔ አልጠይቅም። ታክሲ ይመጣል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ቅጽ ይዘው መጡ። ደንቡ ተለውጧል፤ የዘንድሮው ትኬት የመጨረሻው ነው። እስከ ሰኔ አሥራ ሦስት ቅጹን ያላስገባ፣ እስከ ሰኔ ሠላሳም ያልተነሣ ይቀርበታል።

«ትሕትና፣ አንቺ የመዝገብ ሰው ነሽ። በእስክሪብቶ አድምቂልኝና መሥሪያ ቤቱ መንገድሽ ላይ ስለሆነ አስገቢልኝ።»

ቅጹን አየሁት። ስም በትክክል ተሞልቷል። ፓስፖርታቸው ከአባቴ ጋር አብረው ያወጡት ነው፤ አንድም ማኅተም የለበትም። «መድረሻ» የሚለው ቦታ ግን በእርሳስ ተጽፎ፣ ተፍቆ፣ ተጽፎ፣ ተፍቆ ወረቀቱ ሳስቷል። በመጨረሻ የቀረው «ኮሞሮስ» የሚል ነው።

አሁን የምጽፈውን አለቃዬ እንዳያነብብኝ። በሥራ ዘመኔ አንድ ወረቀት አዘግይቼ አላውቅም። ያን ቅጽ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከአሥር ቀን በላይ አስቀመጥኩት። በየቀኑ ጠዋት አወጣዋለሁ፤ አየዋለሁ፤ መልሼ እከተዋለሁ። ሰበብ አልነበረኝም። በዚያ አግዳሚ ላይ ሁለተኛ ባዶ ቦታ ማየት አልፈለግሁም፤ እሱ ብቻ ነው። ሰው ሄዶ ላይመለስ እንደሚችል ደግሞ የተማርኩት ከመጽሔት አይደለም።

ሰኔ አሥራ ሁለት ጠዋት ጋሽ ስብሐት ጠየቁኝ።

«አስገባሽው?»

«ገና ነው ጋሼ።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ፈታ አለ። ትልቅ ሸክም እንደወረደለት ሰው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተዪው በቃ። እሱንም ይኼኔ ሰው አውቆት ይሆናል።»

«ጋሼ፣ ፈርተው ነው እንዴ?»

«ማን? እኔ?» ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። ብርነሽ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትሕትና፣ እኔ አውሮፕላን የማውቀው ቆሞ ነው።»

ታክሲ መጣ። ለታ ጥሩምባ ነፋልኝ። እንዲሄድ በእጄ አመለከትኩት፤ አግዳሚው ላይ፣ ግራ ጫፍ ተቀመጥኩ። ጋሽ ስብሐት «ወዲህ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

«እስቲ ስለ ኮሞሮስ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ጀመሩ። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ በማዳጋስካርና በአፍሪካ መሐል ነው። እሳተ ገሞራ አለ፤ እስካሁን ያልበረደ። ለሽቶ የሚሆን ቢጫ አበባ ያበቅላሉ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ኋላ ከነሕይወቱ የተገኘው ዓሣ በዚያ ባሕር ውስጥ አለ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ጥያቄውን ጠበቁ።

«እዚያ ምን ይበላል?» አልኩ።

ጋሽ ስብሐት ወደ እኔ ዞሩ።

«አላውቅም» አሉ። ባወቅኋቸው ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ስለ አገር ሲናገሩት የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ሄደው ይዩት።»

ከቦርሳዬ ቅጹንና እስክሪብቶ አውጥቼ የሳሳውን ቦታ እንዳልቀድደው እየተጠነቀቅኩ አደመቅሁት። በዚያው ቀን አስገባሁት።

ሰኔ ሃያ ስድስት ሄዱ። ለታ ነው አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሳቸው። መንገዱን ሙሉ አንድም አገር አልጠሩም አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰር እኔ አሳይሃለሁ፤ በሺህ የሚቆጠር አስሬአለሁ» አሉት፤ እሱ እንደማይሄድ ረስተው።

በሁለተኛው ቀን፣ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ በማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ።

«ሄሎ! ትሕትና! ይሰማል?»

«ጋሼ! ደኅና ገቡ? በረራው እንዴት ነበር?»

«እሱን ተዪው! ጻፊ!»

«ምን ልጻፍ?»

«የካሳቫ ቅጠል! ወቅጠው ወቅጠው በኮኮናት ወተት ይቀቅሉታል። ከሩዝ ጋር ነው የሚበላው። ወተቱ ከፍሬ ነው የሚጨመቀው፤ ሰማሽ? የጾም ወተት ነው! በሰኔም ይበላል፤ በሁዳዴም ይበላል፤ በፍልሰታም ይበላል! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በካሌንደር ስንጨቃጨቅ፣ ዓመቱን በሙሉ መምጣት እንችል ነበር እኮ! ለመሸሻ ንገሪው!»

መስመሩ ላይ የባሕር ይሁን የስልክ የማይለይ ድምፅ ብቻ ቀረ። መሸሻ እንደሌለ ያስታወሱት ተናግረው ከጨረሱ በኋላ መሆኑ ገባኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። «እነግረዋለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነገረኝን ሰው ሙሉ ስም ጻፍኩ። የትኛው ፋይል ውስጥ እንደሚገባ ግን አላወቅሁም።

በማግሥቱ ጠዋት አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ግራውን ጫፍ ትቼ በቀኙ፣ በጋሽ ስብሐት ቦታ ነው የተቀመጥኩት። ከዚያ ነገርኩት። ቅጠሉን፣ ሩዙን፣ ወተቱ ከፍሬ መሆኑን፣ አንድም ሳላስቀር በቅደም ተከተል ነገርኩት።

ለታ ታክሲውን አቁሞ በመስኮት አየኝ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው? በይ ግቢ፣ ይረፍድብሻል። ደግሞ ያ ጋሽ ስብሐት የሄዱበት አገር፣ ኮሞሮስ፣ ለሰው ይሆናል? በሚቀጥለው ፈቃዴ ሚስቴን ልወስዳት ነበር።»

ቦርሳዬን አንሥቼ ገባሁ።

«እሱን ተወው» አልኩት። «ሰው አውቆታል።»