ሊቀ ጥርጣሬና የቬነስ ርቀት

በሩን ቆልፎ፣ ጎትቶ፣ ደረጃውን ወርዶ ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ የሚጎትት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ለእኛ ግን እግዜር ጨክኖ እንዲህ ያለውን ሰው አለቃ አድርጎ ሰጠን። «ሊቀ ጥርጣሬ» ብለን ሾምናቸው።

ሥራችን ሲያወሩት ቀላል ነው። ወደ ቬነስ የራዳር ሞገድ እንልካለን፤ ነጥሮ እስኪመለስ ደቂቃዎች እንጠብቃለን፤ ከፈጀው ጊዜ ርቀቷን እናሰላለን። ርቀቷ ሲጠራቀም ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ይታወቃል። ሰዓታችን በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ከሳተ ርቀቱ መቶ ሃምሳ ሜትር ይስታል። ክቡርነታቸው የሚኖሩት ለዚህች ሚሊዮንኛ ነበር። «እስቲ አንዴ ደግመን እንየው» ይላሉ፣ ልብ እስኪያደርቁ። በልጃቸው ሠርግ ሙሽራውን «እርግጠኛ ነህ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁት አሉ።

የሦስት ዓመት ልፋቴን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። ውጤቱ በወሩ መጨረሻ ካልተላከ ኮንትራቴ አይታደስም፤ ይህንንም ያውቃሉ።

«ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ።»

«ከሚጠበቀው ቦታዋ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ ልጄ።»

«ከስንት ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት መቶ ሜትር ምን አላት?»

«አንዳችን ተሳስተናል። ቬነስ ደግሞ አትሳሳትም።»

ወይ ፍንክች! ቀኑ አለፈ። ሌላ ጣቢያ ቀድሞን ውጤቱን አወጣ። ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

በሳምንቱ ሽማግሌው ተንበርክከው የኬብሉን ቦይ በሜትር ሲለኩ አገኘኋቸው። ያኔ ገባኝ። ሰዓቱን ወደ አዲሱ ክፍል ያዛወርኩት እኔ ነኝ። የተጨመረውን ሦስት መቶ ሜትር ኬብል ሂሳቡ ውስጥ አላስገባሁም፤ ምልክቱ በኬብሉ ውስጥ የሚፈጀውን ጊዜ ለቬነስ ቆጥሬባታለሁ።

«ተገኘች» አሉና ሱሪያቸውን አራገፉ።

መባረሬን ስጠብቅ ኮንትራቴ ታደሰ። እሳቸው ከአለቅነታቸው ተነስተው ያለጊዜያቸው ጡረታ ወጡ። «እርጅና ነው» ተባለ።

ከዓመታት በኋላ ወንበራቸው ለእኔ ሲሰጠኝ ፋይሉን ገለጥኩ። ለአስተዳደሩ የጻፉት ሦስት መስመር ነው፦ «ሰዓቱን ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ኬብሉን የረሳሁትም እኔ ነኝ። ልጁ የታዘዘውን ሠርቷል።»

ለሚሊዮንኛ ሴኮንድ የማይዋሹት ሰው የዋሹት አንዴ ነው፤ እሱንም ለእኔ። እንደ አባቴ እወዳቸዋለሁ። በየስብሰባው «ያ ኬብል የረሳው ሽማግሌ» እየተባለ ሲሳቅ ግን፣ ፋይሉን ካነበብኩ ወዲህም ስድስት ዓመት ሙሉ አብሬ ስቄያለሁ።