አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ቅጽ

የመንዝን ሰው "እንዴት ነህ?" ብላችሁ መጀመሪያ የሚሰጣችሁን መልስ አምናችሁ እንዳትሄዱ። በሬው ትናንት ገደል ገብቶበትም ቢሆን "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚላችሁ። ልጆቹን ትጠይቃላችሁ፣ ደህና ናቸው። ገብሱን ትጠይቃላችሁ፣ ገብሱም ተመስገን ነው። ቁጭ ብላችሁ፣ ጋቢያችሁን አስተካክላችሁ፣ ለሦስተኛ ጊዜ "ኧረ ለመሆኑ አንተስ?" ስትሉት ነው በሬው ከገደሉ የሚወጣው። ከዚያ በፊት ችግሩን የሚዘረግፍ ሰው በእኛ ዘንድ ወይ ሰክሯል፣ ወይ ከተማ ከርሞ መጥቷል። ይህን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ተወልጄ ያረጀሁበት ነው። ማወቅ ብቻውን ግን ምን ይረባል?

ጡረታ የወጣ መምህር ሥራ አያጣም፤ የሚያጣው ደመወዝ ነው። ባለፈው በልግ፣ ያገራችን ተወላጆች ያቋቋሙት የልማት ፈንድ የድጋፍ ማመልከቻዎችን በበጎ ፈቃድ አርሜ ነጥብ እንድሰጥለት ጠየቀኝ። እሺ ለማለት አላንገራገርኩም። ቀይ እስክሪብቶ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ! ደግሞ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ወሬው ከተሰማ ወዲህ በከተማችን በመሐል ሜዳ መንገድ ላይ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው በዝቶ ነበር፤ ደስ ብሎኛል።

መመሪያው ጥብቅ ነው። የሚታረመው የተጻፈው ብቻ ነው፤ አመልካቾችን ማነጋገር ክልክል ነው። ትልቁን ነጥብ የሚይዘው ደግሞ "ያለባችሁን ችግር ግለጹ" የሚለው ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የደረሰኝ የአንድ የወጣቶች ማኅበር ማመልከቻ ደብረ ብርሃን ድረስ ተሂዶ፣ ለጸሐፊ ተከፍሎበት የተዘጋጀ ጥራዝ ነው። "በዘርፈ ብዙ ተግዳሮቶች ተተብትበን" ብሎ ይጀምራል። እስከ አራተኛው ገጽ ድረስ ልቤ ተነክቶ ነበር። አምስተኛው ላይ ግን "በበረሃማው ወረዳችን በሚታየው ከባድ ሙቀት" የሚል አገኘሁ። እኔ ይህን የማነበው ሁለት ጋቢ ደርቤ ነው። ጸሐፊው ለሌላ አገር የጻፈውን ገልብጦ እንደሸጠላቸው ገባኝ። ቢሆንም ችግር ተገልጿል፤ መመሪያው ችግሩ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ጥቂት ቀንሼ ነጥቡን ሰጠሁ።

ቀጥሎ የመጣው የወይዘሮ አስካለ ማኅበር ነው። ከገበያው በላይ ባለች አሮጌ ቤት ተሰብስበው የበግ ጠጉር እየፈተሉ ባና የሚባለውን ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች የሚሸጡ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጧሪ የላቸውም። ማመልከቻቸው በእጅ የተጻፈች ግማሽ ገጽ ናት።

ያለባችሁን ችግር ግለጹ፦ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።"

ድጋፉን ባታገኙ ምን ይደርስባችኋል፦ "እሱ ያውቃል።"

የምትፈልጉት ድጋፍ፦ "ክረምት ሳይገባ ለቤቱ ቆርቆሮ።"

ሳቅሁ። ከዚያ መምህርነቴ ተነሣብኝ። ላልተመለሰ ጥያቄ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም፤ የገዛ ልጄን እንኳ በፈተና ጥያለሁ። ዜሮ ጻፍኩና ከሥሩ "ችግር የለባቸውም" ብዬ ፈረምኩ። የቤቱ ቆርቆሮ ዝጎ መበሳሳቱን አላውቅም ነበር እንዳልላችሁ፣ በዚያ ደጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ አልፋለሁ።

ድጋፉ ለበረሃዎቹ ልጆች ተሰጠ። ክረምቱም ገባ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ዝናቡ ሲያይል ቤት መቀመጥ አቃተኝ። አፈርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ተነሥቼ ወደ ፈታዮቹ ቤት ሄድኩ። ሴቶቹ አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ይፈትላሉ፤ የረጠበው ጠጉር ግድግዳው ሥር ተከምሮ ይሸታል። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ጠጉር ግን ይበሰብሳል።

"መምህር! እንዴት ከረሙ?" አሉኝ ወይዘሮ አስካለ፣ እንዝርታቸውን ሳያስቀምጡ።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ጉልበትዎስ?"

"ደህና ነው።" ይህን የምለው ከዘራዬን በሁለት እጄ ተደግፌ ነው።

እንዝርቱን አስቀመጡ። በርጩማ ሳቡልኝ፤ ተቀመጥኩ፤ ጋቢዬን አስተካከልኩ። ከዚያ ትክ ብለው አይተውኝ፣

"ኧረ ለመሆኑ እርስዎስ?" አሉኝ።

ሦስተኛው ነው። እዚህ ላይ መዋሸት አይቻልም።

"ዜሮ የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ሌሎቹ ሴቶች ከሥራቸው ቀና አላሉም። ወይዘሮ አስካለ እንዝርታቸውን መልሰው አነሡ።

"ሰምተናል" አሉ። "እኛማ ተመስገን ብለን የጻፍነው፣ የሚጠይቀን ሰው መጥቶ እንዲህ ቁጭ ይላል ብለን ነበር።"

ጥቂት ፈተሉና እንደገና ወደኔ ዞሩ።

"ትንሽ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ መምህር፤ ያሉበት ያፈሳል።"