የቄሰ ገበዝ ዋልልኝ «አይሆንም»

በየገጠሩ ደብር አንድ «አይሆንም» ባይ አለ። ካህን ቢጎድል ከጎረቤት ይለመናል፤ ከበሮ ቢቀደድ ይጠገናል፤ «አይሆንም» ባይ ያጣ ደብር ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

ጉና ሥር ባለችው አሮጌ ኪዳነ ምሕረት ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ቄሰ ገበዝ ዋልልኝ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረት በሙሉ በእጃቸው ነው። ቁልፉ ክንድ ያክላል፤ «አይሆንም» ማለታቸው ከቁልፉም ይረዝማል።

ይህን እንደ ገነት የሚያውቅ የለም። ስድስት ዓመት ዐረብ አገር የሰው ቤት ስትጠርግ፣ «በሰላም ብመለስ የሳር ክዳንሽን በቆርቆሮ እለውጣለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ተመለሰች። ቆርቆሮውን በሰው ሸክም ዳገቱን አስወጣች።

«አባ፣ ስለቴን ተቀበሉኝ።»

«አይሆንም። የጉና በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ቅዳሴ አያሰማም።»

በዓመቱ ደግማ ገበዙ ዘንድ ሄደች። «ኮሚቴ ይቋቋም» አሉ። ተቋቋመ። «ኮሚቴው ሱባኤ ይግባ» አሉ። ገባ፤ ከስቶ ወጣ።

«እህስ፣ አባ?»

«አይሆንም።»

ቆርቆሮው ደጀ ሰላሙ ጥግ ሦስት ክረምት ከረመ፤ ዶሮ ሰፈረበት። የክዳኑ ሳርም አረጀ። አጭዶ የሚከድነው ጎረምሳ ሁሉ ደብረ ታቦር ባጃጅ ይነዳል። ዝናቡ የመቅደሱን የጥንት ሥዕል ይልሰው ጀመር። ገነት ደከማት። ስለት ያለበት ሰው መቼ ያርፋል? ሰበካ ጉባኤውም መረረውና፣ «እሑድ ገበዙን እናወርዳለን፤ አንቺ ቀድመሽ እጅሽን አውጪ» አላት። እሺ አለች።

በመካከሉ ለሐምሌ ሥላሴ ደብረ ታቦር ወርዳ ቅዳሴ ቆመች፤ ባለ ቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን። በረዶው ወረደ። ዲያቆኑ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ግማሹ ሰው ሰገደ፣ ግማሹ ቆሞ ቀረ። አንዲት ባልቴት ነጠላዋን ጎተቷት።

«ምን አለ፣ ልጄ? ልስገድ ወይስ ልቁም?»

«እኔስ መች ሰማሁ፣ እማማ!»

እሑድ ደረሰ። «ይውረዱ የምትሉ እጃችሁን አውጡ!» አለ የጉባኤው ሰብሳቢ። ሁሉም ወደ ገነት ዞረ።

«አይሆንም» አለች።

ቄሰ ገበዝ ቃላቸውን እንደተሰረቁ ሁሉ አፈጠጡባት።

«ሳሩን እኔ አሳጭዳለሁ። አባ፣ ስለቴን ወደ ቤተልሔሙ ያዙሩልኝ። የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ጎጆ ነው፤ ቆርቆሮ ቢንጫጫበት ቅዳሴ አይረብሽም።»

ቄሰ ገበዝ ቁልፋቸውን አገላበጡ፣ አገላበጡ።

«ይሁን።»

በሃያ ዓመት ተሰምቶ የማያውቅ ቃል ነውና ሰዉ ደነገጠ፤ አንዱማ አማተበ።

«ግን» አሉ ቄሰ ገበዝ፣ «መጀመሪያ ኮሚቴው ሱባኤ ይግባ።»

ገነት እፎይ አለች። የታመሙ መስሏት ነበር።