የባሕር አረም የበሉና ያልበሉ ጥጆችን ጉዳይ ለማየት የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን፦ ጡት የጣሉት ስድስቱ የወተት ማኅበራችን ጥጆች ሁሉም ደኅና ናቸው። ደኅና እንዲሆኑ የታሰበው ሦስቱ ብቻ ስለነበሩ ይህ ስብሰባ ተጠርቷል።

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት ከሩብ።
ቦታ፦ የመኖ መጋዘን (የቢሮው ቁልፍ ቢሮው ውስጥ ስለተቆለፈበት)።
የተገኙ፦
1. ሊቀመንበሩ
2. የእንስሳት ሐኪሟ
3. የጥጆች ጠባቂዋ፣ የሊቀመንበሩ አክስት
4. "አይነኬ" የሚባሉት መጋዘን ጠባቂ፣ እንዳይሰረቅ በባሕር አረሙ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው

ያልተገኙ፦ ወተት አመላላሹ። በስልክ "ደርሻለሁ፣ መታጠፊያው ጋ ነኝ" ስላሉ፣ ምልዓተ ጉባኤው መታጠፊያው ጋ መሟላቱ ተረጋግጦ ስብሰባው ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ ዱቄቱ ይቀጥል ወይስ ይጣል

ሐኪሟ እንዳስረዱት፣ ጥጃ ጡት ሲጥል አንጀቱ ይታወካል፤ አምናም አሥራ አንድ ጥጆች በተቅማጥ አልቀዋል። ዘንድሮ የባሕር አረምና የጦስኝ ዱቄት ለአንጀት ይበጅ እንደሆነ ለማየት፣ ቀይ ክር ያሰሩ ሦስት ጥጆች ከመኗቸው ጋር እንዲበሉ፣ የቀሩት ሦስቱ ለማነጻጸሪያ እንዳይበሉ ታዞ ነበር።

አይነኬ "ላም ባሕር የት አይታ ታውቃለች?" ሲሉ ጠይቀዋል። ሐኪሟ "ጋሼ፣ እርስዎስ የሚበሉትን ሁሉ አገሩ ድረስ ሄደው አይተውታል?" ብለዋል። ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። አይነኬ መቀመጫቸው ከወር በፊት ከነበረው በጣም ዝቅ እንዳለባቸው ቢያመለክቱም ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሏል።

ሊቀመንበሩ፣ ያልበሉትም እኩል ደኅና ስለሆኑ የዱቄቱ ከንቱነት በሳይንስ ተረጋግጧል ብለዋል። ከረዥም ውይይት በኋላ ዱቄቱ እንዲጣል፣ ለመጪዎቹ አርባ ጥጆችም እንዳይታዘዝ ተወሰነ።

በዚህ ጊዜ ጠባቂዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አጀንዳ 2፦ በድንገት የመጣ

ጠባቂዋ እንዲህ ብለዋል፦ "ቀይ ክር ያሰረ ይብላ ነው ያላችሁኝ። ጠዋት ለሦስቱ አሰርኩ፣ በሉ። ከሰዓት ፈትቼ ለሌሎቹ አሰርኩ፣ እነሱም በሉ። ክር ሳያስር የበላ ካለ እኔን ጠይቁኝ።"

ሊቀመንበሩ "አክስቴ፣ ሙከራ እኮ ነው" ቢሉ፣ "አንተን ከወንድምህ ለይቼ ነው ያበላሁህ?" የሚል ምላሽ ተሰጥቷል። ሊቀመንበሩ ይህ እንዳይጻፍ ጠይቀዋል፤ ተጽፏል።

ጠባቂዋ ትእዛዝ እያከበሩ ትእዛዝ ስለጣሱ የበረቱን ቁልፍ እንዲያስረክቡ ተወሰነ። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው፣ በመሐረብ ጠርገው፣ በሊቀመንበሩ ጉልበት ላይ አስቀመጡ። "ትንሿ ጥጃ ከእጄ ካልሆነ አትበላም፤ ለሚተካኝ ንገሩት" ብለዋል።

ምትክ ሲፈለግ አይነኬ ወገባቸውን፣ ሊቀመንበሩ ኃላፊነታቸውን ጠቀሱ። አመላላሹ ሲደወልላቸው አሁንም መታጠፊያው ጋ ነበሩ። ሐኪሟ "ሙከራው ተበላሽቷል። እኔ የማውቀው አምና አሥራ አንድ ሞተው ዘንድሮ አንድም አለመሞቱን ነው። የዱቄቱ ይሁን የእሳቸው አላውቅም፤ ሁለቱንም ግን አልጥልም" ብለዋል።

አጀንዳ 3፦ የዱቄቱ ርክክብ

የተረፈው እንዲመዘን አይነኬ ከብዙ ድጋፍ በኋላ ተነሱ። ለሦስት የታሰበው ለስድስት ስለተሰፈረ በጆንያው ውስጥ የተገኘው አንድ እፍኝ ሲሆን፣ አይነኬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቁ የቆዩት ወለሉን መሆኑ ታወቀ።

የሚጣል ዱቄትም፣ ጠባቂዋን የሚተካም ስላልተገኘ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ስብሰባው እንዲጠራ የተወሰነውም ጭምር፣ ተሽሯል። ቁልፉ ወደ ጠባቂዋ አንገት እንዲመለስ፣ ለአርባዎቹ ጥጆች ዱቄት እንዲታዘዝና አርባ ቀይ ክር እንዲዘጋጅ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ ስብሰባው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ።

ከላይ በጥልቅ ሐዘን የተገለጸው ነገር ቀረብ ብለው ሲያዩት ያን ያህልም አልነበረም፤ አንድ እፍኝ ዱቄት ነው። እሱንም ፊርማ ሲሰበሰብ በሩን ገፍታ የገባችው ትንሿ ጥጃ ከጠባቂዋ መዳፍ ልሳ ጨርሳዋለች። ክር አላሰረችም ነበር።