የእናቴ «ደህና ነኝ» እና የሐኪሙ ጸሐፊ

እኛ የመርሳ ከተማ ሰዎች እንዴት እንደምንታመም ታውቃላችሁ? ደህና ሆነን ነው የምንታመመው። ሰውዬው ትኩሳት ይዞት እየተንቀጠቀጠ «እንዴት ነህ?» ብትሉት፣ መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላችኋል። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ትጨዋወታላችሁ፤ በሽታው የሚወራው ልትሰናበቱ ስትነሱ ነው። ሳያመሰግኑ ሕመም መዘርዘር ነውር ነዋ! ይህን ልማድ የሚነቅፍ ካለ ይንቀፍ፣ እኔ ግን አልተውም።

ባለፈው ሰሞን ጋራዤን ዘግቼ እናቴን ወልድያ፣ የልብ ሐኪም ዘንድ ለቀጠሮዋ ወሰድኳት። ከሐኪሙ ጎን አንዲት ወጣት ኮምፒውተር ይዛ ተቀምጣለች። ሥራዋ በሽተኛው የሚለውን እየሰማች መጻፍ ነው፤ ሐኪሙ ከማቀርቀር ይልቅ ፊታችንን እንዲያይ የመጣ አሠራር ነው አሉን። እሰየው ነው። እስከ ዛሬ የምናውቀው የሐኪም አናት ብቻ ነበር።

«እማማ፣ መድኃኒቱ እንዴት አደረገዎት?» አላት ዶክተሩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ልጅቷ ቶሎ ብላ «ደህና ናቸው» ብላ ጻፈች። ዶክተሩም ደስ ብሎት «እንግዲያው መድኃኒቱን እንቀንሳለን» ሲል ደሜ ፈላ። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ያላት ሴት እኮ ናት!

«አይቀንሱም፣ ዶክተር» አልኩና ከወንበሬ ተነሣሁ። «እሷ እስካሁን የመለሰችው ለፈጣሪዋ ነው። ለእርስዎ ገና አልነገረችም።»

እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ጸሐፊዋ «እኔ ያሉትን ነው የጻፍኩት» አለች፤ እውነቷን ነው፣ አልፈርድባትም። ግን አልተቀመጥኩም። ዶክተሩ ትንሽ አየኝና ወንበሩን ወደ እናቴ አስጠጋ።

«ሌሊት እንዴት ይተኛሉ፣ እማማ?»

«ተመስገን፣ ደህና አድራለሁ። ተቀምጬ።»

«ተቀምጠው?»

«ጋደም ስል ትንፋሼ እምቢ ይለኛላ።»

ዶክተሩ ማዳመጫውን አንሥቶ ደረቷንም ጀርባዋንም ደጋግሞ አዳመጠ፤ እግሯን ተጫነ። ፊቱ ተለወጠ። መድኃኒቱ መቀነሱ ቀርቶ ዛሬውኑ አልጋ እንድትይዝ አዘዘና ወደ ጸሐፊዋ ዞረ።

«ደህና ናቸው የሚለውን አጥፊው።»

እናቴ ከገባች ጀምሮ ያላሰማችውን ከፍ ያለ ድምፅ ያን ጊዜ አሰማች።

«ምኑን ነው የምታጠፋው? እሱ ምስጋናዬ ነው፣ እንዳትነኪው ልጄ! በሽታዬን ከእሱ ሥር ጻፊው።»

ልጅቷ ዶክተሩን አየችው፤ ዶክተሩ እኔን አየኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ። ከሥሩ ተጻፈ።