የማይዞረው ቬንቲሌተር

(ሸዋሮቢት፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣው የሠራተኞች ተነሳሽነት ባለሙያ ክንፈ ቬንቲሌተሩን በጥፊ ይመታል። የመዝገብ ቤቱ ኑረዲን በላብ ተነክሮ ያየዋል።)

ክንፈ፦ ዙር! ዙር አንተ!

ኑረዲን፦ አትምታው፣ ምን አደረገህ?

ክንፈ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ላይ ብቻ ይነፍሳል! የሚያስጠግነው ጠፋ። ለምን? ተነሳሽነት የለም። ተነሳሽነት ለምን የለም? መደጋገፍ የለም። ስንቴ አሠለጠንኳችሁ?

ኑረዲን፦ አልተበላሸም። በሽቦ አስሬው ነው።

ክንፈ፦ ምን?

ኑረዲን፦ በመጣህ ሳምንት ሙቀቱ ጥሎህ አልነበር? ደጋ የለመደ ሰው ነው ብለን ወዳንተ አዞርነው።

ክንፈ፦ (ይቀመጣል) እሺ፣ እሱ ዕቃ ነው። ወባ ይዞኝ ስተኛስ ማን ጠየቀኝ?

ኑረዲን፦ በተራ መጣን። እየቃዠህ ስለ ተነሳሽነት ታሠለጥነን ነበር።

ክንፈ፦ ያኔ ፓፓያ ያመጡልኝ አከራዬ እትዬ ቆንጅት ናቸው!

ኑረዲን፦ የመሥሪያ ቤታችን ዙሀራ ናት፣ ከጀውሃ በሚኒባስ ይዛ። እትዬ ቆንጅትማ «ለምን እንደሚያመሰግነኝ አልገባኝም» ብለው ጠየቁን።

ክንፈ፦ የሥራ እርካታ መጠይቁስ? ሃያ ሁለታችሁም «ሥራዬን በጣም እወዳለሁ» ብላችሁ ሞላችሁ። ያ የሥልጠናዬ ውጤት ነው። ተሸልሜበታለሁ!

ኑረዲን፦ ወላሂ ጥያቄው አልገባንም። ውጤቱ ዝቅ ካለ አንተን ይገመግሙሃል ሲባል ጊዜ፣ አንድ ላይ ቁጭ ብለን ሞላንልህ።

ክንፈ፦ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ እኮ።

ኑረዲን፦ ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።

ክንፈ፦ ኑረዲን፣ ጠዋት የሰጠሁህን የዝውውር ማመልከቻ መልስልኝ። «ከባልደረቦቼ ድጋፍ ስላጣሁ የሥራ ፍላጎቴ ጠፍቷል» ያልኩበትን። ደንቆሮ የጻፈው ነው።

ኑረዲን፦ እሱንማ አንብበን አፈርን።

ክንፈ፦ አነበባችሁት?

ኑረዲን፦ እውነቱን ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ደግፈነው አናውቅም ተባባልን። ሃያ ሁለታችንም «ይፈቀድለት» ብለን ፈርመን ኃላፊዋ ጋ አስገባነው። የመጀመሪያው ፊርማ የኔ ነው።

(ክንፈ ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል።)

ኑረዲን፦ አይዞህ፣ ምስጋና አያስፈልግም።

(ዝውውሩ በአራተኛው ቀን ጸደቀ። ሽቦውን እስካሁን የፈታው የለም።)